ለትምህርት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበር። ከሥሩ የተሸጎጠለት ወፍራም የርዕዮተ ዓለም መጽሐፍ ነው። እንዳላነበው ጠረጴዛው ይወድቅብኛል፤ እንዳልተወው አለቃዬ ለምን አላነበብሽም ይለኛል።

ቢሯችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፣ መኝታ ቤቱ የአለቃ ቢሮ፣ ማድ ቤቱ ደግሞ የእኔ ክፍል። በሩ ላይ «የትምህርት ዕድልና የተግባር ልምምድ ክፍል» የሚል ተለጥፏል። ክፍሉ ማለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም። የምንሠራበት ማኅበር የሴቶች ነው፤ አለቃዬ ግን ወንድ ነበር። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አለቃዬ ጓድ መኮንን ይባላል። ድምፁ ለአደባባይ የተሠራ ነው፤ ማድ ቤት ውስጥም ሲያናግረኝ እንደ ሰላማዊ ሰልፍ ይጮኻል። በዚያው ዕለት ሥራውን አስረዳኝ። ወዳጅ አገሮች ለወጣት ሴቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፣ የትምህርቱም ዓይነት የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ዕድሉን ፈልጎ፣ ልጆቹን አሰናድቶ መላክ የእኔ ሥራ ነው። ጥያቄ ካለሽ አለኝ። የሴቶች ጉዳይ ሲባል ምን ምን ይማራሉ አልኩት። ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣

«ጉዳያቸውን ነዋ!» አለኝ።

እኔም ይህንኑ መልስ ለብዙ ሰው ስሰጥ ኖሬአለሁ።

ሙያው በጫማ የሚሠራ ነው። ከኤምባሲ ኤምባሲ እየዞርኩ የባህል ክፍሎቹን ጸሐፊዎች ተወዳጀሁ። ገብቶ «የተረፈ ቦታ አለ?» ማለት ሞኝነት ነው፤ የለም ለማለት ይቀላቸዋል። «ዘንድሮ ለእኛ ስንት አሰባችሁ?» ይባላል። ደግሞም ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ከሌላ መሥሪያ ቤት የተላከች አንዷ በጤና ምርመራ ትወድቃለች ወይም ታገባለች። ስለዚህ ክትባቷን የጨረሰች፣ ፎቶዋን የተነሣች አንዲት ልጅ ምን ጊዜም ተጠባባቂ አለችኝ። ጓድ መኮንን ይህን «ስልታዊ ተጠባባቂ ኃይል» ይለዋል። እኔ መላ እለዋለሁ።

ልምምዱ ግን ከትምህርት ዕድሉ ይብስ ነበር። ማንኛዋም ልጅ ከመሄዷ በፊት ሴቶች በሚሠሩበት ቦታ ተመድባ የተግባር ልምምድ ማድረግ አለባት። ወንዶቹ ኃላፊዎች ልጅ ስንልክላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ሙኒራን የላክሁ ጊዜ ነው።

ሙኒራ የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ሚስማርና ቁልፍ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ራሷ ማድ ቤቴ ድረስ መጥታ ነው የተመዘገበችው። ሰንጋ ተራ ወዳለ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ላክኋት። በሳምንቱ ላያት ብሄድ ለሥራ አስኪያጁ ሻይ ታፈላለች።

ሰውየውን ምነው አልኩት። የሴቶች ጉዳይ ነው የምትማረው ብላችሁኛል ብሎ ድርቅ። እኔም በትሕትና፣ ልጅቷ በልምምዷ ያየችውን ሁሉ ለኤምባሲ በሪፖርት እንደምታቀርብ፣ ስለዚች የሻይ ማንቆርቆሪያም መጻፏ እንደማይቀር ነገርኩት። በማግስቱ ወንበርና የስፌት መኪና ተሰጥቷት ከስፌተኞቹ መሀል ተቀመጠች።

መቀመጧ ጣጣ አመጣበት። ሙኒራ እየሰፋች ሴቶቹን ልጆቻችሁን የት ትታችሁ ነው የምትመጡት እያለች ትጠይቃለች። ወሩ ሳያልቅ የጨርቅ መጋዘኑ ግማሽ ተጠርጎ የሕፃናት ማቆያ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በእግሩ ቢሯችን መጣ። በእናታችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ላኩልኝ፣ ከቆየች ወንበሬንም ለጡት ማጥቢያ ትወስደዋለች አለ። እንዲህ ያለ የድጋፍ ቃል በሥራ ዘመኔ ሁለተኛ አልሰማሁም።

ኤምባሲው ተቀበላት። ፈተናውንም ምርመራውንም አለፈች። ስሟ ሰኞ ጠዋት መተላለፍ አለበት፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ነው። የቀረው የጋሽ ሸምሱ እሺታ ብቻ ነበር። ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅ አልልክም። ይህ የመንግሥት መመሪያ አይደለም፤ የእኔ ነው። ከአባቷ ተደብቃ የሄደች ልጅ ስትመለስ የምትገባበት ቤት የላትም።

ጋሽ ሸምሱ እንቢ አሉ። ይባስ ብሎ ከመርካቶ አንድ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮባቸው ኖሯል፤ መልስ የሚሰጡት እሑድ ነው። ሙኒራ ማድ ቤቴ ገብታ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ጓድ መኮንን ለቅሶአችንን ሰምቶ መጣና ሰውየውን ቀበሌ አስጠርተን እናንቃው አለ። ቀበሌ የተጠራ አባት እሺ ማለቱ አይቀርም፣ ልጁን ግን ዳግመኛ አያናግራትም አልኩት።

መላውን ያመጡት የሙኒራ እናት፣ ወይዘሮ ሩቅያ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ።

«እናንተ የትምህርት ዕድል ትላላችሁ። አባቷ የሚያውቀው ሴት ልጅ ከቤት የምትወጣበት መንገድ አንድ ነው። በዚያው ኑ» አሉኝ።

ሽማግሌ ላኩ ማለታቸው ነው። የወሎው ልብስ ሰፊ ሐጂ ከድር እሺ አሉ። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ አቶ ወልዴም እሺ አሉ። ሦስተኛ ጠፋ። ጓድ መኮንንን ብለምነው ሽምግልና ኋላ ቀር የፊውዳል ልማድ ነው ብሎ ንግግር ጀመረ። ጨርስ ብዬ ቆምኩ። ሲጨርስ፣ ለበላይ አካል ልጅ ላክሁ ብሎ አስቀድሞ ሪፖርት ማድረጉን አስታወስኩት። ማንም የማይሰማ ከሆነ እሺ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጌጃ ሰፈር በሙሉ በር ላይ ወጥቶ ጠበቀው።

ሐጂ ከድር በካኪ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርበውለት መንገድ ላይ አስተማሩት። እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ትልቁ ሳይናገር አይናገርም። በሽምግልና የተገባበት ቤት ውስጥ የተሰማ ነገር ከደጃፉ አይወጣም። ጓድ መኮንን በየመሀሉ «ተቀብያለሁ» ይላል።

እኔ ከወይዘሮ ሩቅያና ከሙኒራ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩ። ሴት ሽማግሌ አትሆንማ። የሴቶችን ጉዳይ ለማስጀመር ሦስት ወንዶች መላኬ ያኔም አሥቆኛል።

ሐጂ ከድር ዱዓ አድርገው ልጅዎን ልንለምን መጥተናል አሉ። ጋሽ ሸምሱ የሌላ ሙሽራ ሽማግሌ መስሏቸው የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁ። ሐጂ ስንት ሴት ያጩ ሰው ናቸውና ምላሳቸው በለመደበት ሄደ፤ ጨዋ ቤተሰብ ነው አሉ። ዘመዶቹስ ሲባሉ አቶ ወልዴ ተደናግጠው ብዙ ወዳጅ አገሮች አሉት አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ሙኒራ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። በመጨረሻ ጓድ መኮንን ተራውን ሳይጠብቅ፣ የምንለምነው ለትምህርት ነው ብሎ አፈረጠው።

ለትምህርትም ሽማግሌ ይላካል እንዴ አሉ ጋሽ ሸምሱ። ምን ልትማር ነው ሲሉም የሴቶች ጉዳይ ተባሉ። ሴት አይደለች እንዴ፣ ምኑን ትማረዋለች ብለው ተገረሙ። ጓድ መኮንን አፉን ሲከፍት «ጉዳያቸውን ነዋ» እንዳይል ለልደታ ተሳልኩ። ደግነቱ ወይዘሮ ሩቅያ ቀደሙት።

«እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁትን ትጠይቃለች» አሉ ከመጋረጃው ጀርባ።

ጋሽ ሸምሱ ወደ መጋረጃው ዞር አሉ። ከዚያ በወጉ መሠረት ዘመድ ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፤ ነውር ነው። እኛ ያለን ግን እስከ ሰኞ ነው። ሐጂ ከድር እንግዲያው አንቀመጥም አሉ። ሦስቱም ቆሙ። የቀረበው ሻይ በረደ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አቶ ወልዴ ግድግዳውን ተደገፉ። 

ጋሽ ሸምሱ በመጨረሻ የተናገሩት ጓድ መኮንንን እያዩ ነው።

«ትልቁን ልጄን ከዚህ ቤት ሲወስዱት ነገ ይመለሳል አሉኝ። አልተመለሰም። ይቺንም ስትወስዱ ትመለሳለች ትሉኛላችሁ።»

በዚያ ዘመን ይህ ካድሬ ፊት የሚነገር ነገር አይደለም። ወይዘሮ ሩቅያ እጄን ጨብጠው ያዙኝ። ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ጓድ መኮንን ኮፍያውን አወለቀ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንዲህም መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

«ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ ጋሽ ሸምሱ። ለእሷ ግን ዋስ እሆናለሁ።»

«አንተ ብቻህን አትበቃኝም። ላኪዋ የት አለች?»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።  እኔም ዋስ ነኝ አልኳቸው። እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አዩን።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። መጀመሪያ የተቀመጡት አቶ ወልዴ ናቸው። ሙኒራ ከመጋረጃው ጀርባ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን፤ አባቷም ሰሙ።

እሑድ የመርካቶው ነጋዴ ሽማግሌዎች ሲመጡ ጋሽ ሸምሱ ታጭታለች ብለው መለሷቸው። ለማን ቢባሉ ለትምህርት አሉ። ሰኞ ጠዋት ኤምባሲው ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መኪና ጌጃ ሰፈር ሲቆም ጆሮዬን እጥል ነበር። ማንም ጋሽ ሸምሱን ሊወስድ አልመጣም። ጓድ መኮንን ስለዚያ ቅዳሜ ለእኔም እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በስብሰባ ላይ መጮኹን ግን አልተወም።

ሙኒራ ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰች። ጋሽ ሸምሱ ድግስ ደግሰው የሙሽራ ወገን ይመስል ዋሶቹንና ሽማግሌዎቹን ጠሩን። ጓድ መኮንን ያኔ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ነበር፤ በአውቶቡስ መጣ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻው በግ ታርዶ፣ ማዕዱም ለብቻው ቀርቧል። ጓድ መኮንን ሃይማኖት እንደሌለው ስንት ዓመት ሲሰብከን ኖሮ በየትኛው ማዕድ እንደሚቀመጥ ሁሉም ሰው ዓይኑን ጣለበት። ቀስ ብሎ መጥቶ ከአቶ ወልዴ አጠገብ ተቀመጠ።

ከምግቡ በፊት ጋሽ ሸምሱ ልጃቸውን አጠገባቸው አቆሙና ወደ ሁለታችን ዞሩ።

«መልሳችሁልኛል። ከዛሬ ጀምሮ ዋስነታችሁን አውርጃለሁ።»

እኔ በአደባባይ አለቀስኩ። ጓድ መኮንን እጄን ልታጠብ ብሎ ወጣና ቧንቧው ጋ ብዙ ቆየ።

ሙኒራ በማግስቱ ማድ ቤቴ ሥራ ጀመረች። አንዲቷን ጠረጴዛ ለሁለት ተካፈልናት። ገና ስትገባ ያን መጽሐፍ ከጠረጴዛው አጭር እግር ሥር አወጣችና ከአባቷ ሱቅ ባመጣችው ሚስማር እንጨት መታችበት። ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ ተነቃንቆ አያውቅም።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ለአንዲት ልጅ የትምህርት ዕድል ስታገኙላት መጀመሪያ ወላጆቿ ቤት ሂዱ። እሺ እስኪሏችሁም ድረስ አትቀመጡ።