ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረው ላፕቶፕ

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን መጀመሪያ ላይ መናገሬ፣ እስከ መጨረሻው ደብቄ አቆይቼ አንባቢን ማስደንገጥ ስለማልወድ ነው። ጎረቤቴና እኔ አምስት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን፣ መብራቱን፣ ካርዱን ያተመውን ሰው፣ አንድ ጊዜም ነፋሱን ስንወቅስ ከረምን። ጥፋተኛዋ ግን መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠችው እኔው ነበርሁ።

ጎረቤቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ፣ ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ እንደሚያመጣው እሷ የጥልፍ መኪና አመጣች። ከተራው የስፌት መኪና የሚለየው ሥዕሉን ከላፕቶፕ ተቀብሎ ራሱ መጥለፉ ነው። ላፕቶፑም አብሮ መጥቷል። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር ያለበት ፍላሽና የፈቃድ ቁጥር የታተመበት ትንሽ ካርድ ነበር። ያ ቁጥር በኢንተርኔት ካልጸደቀ ሶፍትዌሩ ሥዕሉን ያሳያል እንጂ ወደ መኪናው አያሳልፍም።

መኪናው ካልሠራ ምን እንደሚመጣ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። የድሮ አሠሪዋ ቪዛ አስወጥታ እየጠበቀቻት ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪኝ እያለች በየቀኑ የድምፅ መልእክት ትልክላታለች። ከላላ ወረዳ የሚኖሩት እናቷ ይህን አያውቁም። «መኪናው ከተነሣ እቀራለሁ፣ ካልተነሣ እሄዳለሁ» አለችኝ፤ ስለ ገበያ የምታወራ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያውን ሥራ ግን አግኝታ ነበር። የሰፈራችን ቄስ ለጥምቀት የሚለበስ የካባ ጨርቅ አምጥተው፣ የእጅ መስቀላቸውን ወረቀት ላይ አስተኝተው በእርሳስ ዙሪያውን አስነድፈው፣ «ይህችን አስመስለሽ ጥለፊልኝ» ብለዋት ሄደዋል።

እኔን የጠራችኝ እንግሊዝኛ ታነባለች ተብሎ ስለተወራብኝ ነው። አነባለሁ፤ መናገሩ ላይ ነው የምቀረው። ትምህርት የጀመርሁት የእኩዮቼ ልጆች አንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ ነው፤ አሁን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተሳሳተ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ከመደርደሪያው ቦታውን የሳተ መጽሐፍ፣ ተገልብጦ የተመታ ማኅተም፣ እነዚህ እኔን ምሳ ያስረሱኛል።

ስለዚህ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ዓይኔ ያረፈው ከታች በቀኝ ጥግ ባለው ቀንና ሰዓት ላይ ነው። ቀኑም ሰዓቱም የፈረንጅ። የፈረንጅ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ከተማችን መካነ ሰላም ገብቶ፣ የመካነ ሰላምን መብራት እየበላ የሌላ አገር ቀን መቁጠሩ ነው ደስ ያላለኝ። ገብቼ በእኛ አቆጣጠር አስተካከልሁት። ዓመተ ምሕረቱን አወረድሁ፤ ታኅሣሥ ነውና ወሩን አራተኛ አልሁት፤ ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት መለስሁ። ላፕቶፑ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ወደ ራሱ ቀን ተመለሰ። ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ምርጫ ፈልጌ አጠፋሁበት፤ ከዚያ በኋላ አደብ ገዛ። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ማሻአላህ፣ አሁን የእኛ ሆነ» አለች።

ቀጥሎ መጫኑ መጣ። ሶፍትዌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ረጅም የውል ጽሑፍ አውጥቶ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ሣጥን አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ሳያነብ እንደሚጫነው ሰምቻለሁ። እኔ መዝገበ ቃላቴን አምጥቼ ከአንደኛው አንቀጽ ጀመርሁ። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ትሰለቻለች ብዬ ስሠጋ፣ ጎረቤቴ ጉልበቷን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አንብቢ እታለም» አለችኝ። «እኔ ሳላነብ የፈረምሁት ወረቀት አምስት ዓመት ወስዶብኛል።»

እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ አነበብሁላት። ሶፍትዌሩን ለሮኬትና ለጦር መሣሪያ ሥራ እንዳንጠቀምበት ይከለክላል። ጥቂት አሰብንበትና ሁለታችንም ተስማማን።

ከዚያ የፈቃድ ቁጥሩ ተጠየቀ። ሃያ አምስት ፊደልና አኃዝ ነው፤ በካርዱ ላይ የታተመው ደግሞ ጉንዳን ያህላል። የእሷ ዓይን ከእኔ ስለሚሻል እሷ እያነበበች እኔ እጽፋለሁ። የላቲን ፊደል ስም ስላልተማረች ባየችው መልክ ትጠራዋለች። መሰላል ትላለች፣ እጽፋለሁ። መንሽ፣ እጽፋለሁ። እባብ፣ ወንበር፣ ተገልብጦ የተደፋ ወንበር። ችግር የገጠመን ክብ ላይ ስንደርስ ነው፤ ዜሮው ከፊደሉ አይለይም። እሷ «ይኼ ወፈር ያለ ክብ ነው፣ ያኛው የከሳ» ብላ ለየችልኝ። ሦስት ጊዜ አመሳክሬ ተጫንሁት።

አንድ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ከሰርቨሩ ጋር አስተማማኝ ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም ይላል። መዝገበ ቃላቴ አሮጌ ነውና ሰርቨር ለሚለው የሚሰጠኝ ትርጉም «አገልጋይ» ነው። እኔም እንዳለ፣ አገልጋዩ አልመለሰም ብዬ ነገርኋት።

«ስትጠራ የማትመልስ አገልጋይ እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር» አለች።

በእኛ ከተማ አንድ ነገር ካልሠራ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፤ እኛም ከዚህ አልወጣንም። ከስልኳ ኢንተርኔት ሰጠነው፣ ከእኔ ስልክ ሰጠነው፣ አጥፍተን አበራነው። መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግመን ሞከርን። ሶፍትዌሩን አንሥቼ እንደገና ጫንሁት፤ ውሉም እንደገና ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ሳላነብ ተስማማሁ፤ ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

በሦስተኛው ቀን ካርዱን ይዘን ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ካርዱን አገላብጦ አየና ጎረቤቱን ባለሱቅ ጠርቶ «ና እይ፣ ሶፍትዌር የገዛ ሰው አገኘሁ» አለው። ሁለቱም እንደ ብርቅ ተመለከቱን። እሱ ባለው እውቀት በዚህ አገር ሶፍትዌር ይገለበጣል እንጂ አይገዛም። ቁልፉ የተሰበረ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ግልባጭ ነገ አስመጥቶ በነጻ እንደሚጭንልን ቃል ገባ። እኔ እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ጎረቤቴ ቀደመችኝ።

«ጥልፉ ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለችው። «ሐራም ክር አላስገባበትም።»

ሰውዬው እውነትሽን ነው ብሎ ካርዱን በሁለት እጁ መለሰላት፤ ኔትወርክ ለማግኘትም ወደ ጉብታው እንድንወጣ መከረን።

ጉብታው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በላይ ነው። በማግስቱ ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ አዝዬው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ያገኙን ሁሉ ሕፃኑ ተሻለው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ከላይ ነፋሱ መቀመጫ አይሰጥም። እሷ በጀርባዋ ነፋሱን ከለለችልኝ፣ እኔ ተጫንሁ። ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። ቄሱ ከግቢው ሲወጡ አዩንና ዳገቱን ወጥተው መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ያለንበትን ነገርናቸው። ስንት ጊዜ እንደሞከርን ጠየቁ። አሥራ አንድ አልኋቸው።

«እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ» አሉ፣ «ሦስት ጊዜ ነግረውት ያልገባው እንደሆነ የኔታ ቀለሙን ትተው ተማሪውን ነበር የሚመረምሩት።» ይህን ሲሉ ያዩ የነበረው እኔን ነው። እኔ ግን የፈቃድ ቁጥሩን አራተኛ ጊዜ እያመሳከርሁ ስለነበር ወደ ልቤ አላስገባሁትም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቅዳሜ አንድ ዲያቆን በሚኒባስ ደሴ እንደሚወርድ፣ እስከዚያ ካልሆነ ጨርቁን እዚያ ለሚጠልፍ ሰው ለመላክ እንደሚገደዱ ነገሯት። ጥምቀት አይጠብቅምና አይፈረድባቸውም። ጎረቤቴ «ምንም አይደል አባ» አለች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን የአሠሪዋ መልእክት ገብቶ ስልኳ ጮኸ፤ እሷም ከዚህ በፊት እንደምታደርገው አላጠፋችውም። አውጥታ አዳመጠችው፤ ጨርሳም ደግማ አዳመጠችው።

«አብሽሪ» አልኋት። «ቅዳሜ ገና ሁለት ቀን አለው።»

በማግስቱ ጠዋት ካርዱን ገልብጬ ሳይ ከጀርባው የሻጩን የእርዳታ ስልክ አገኘሁ፤ የዓረብ አገር ቁጥር ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልናገርም፤ እሷ ግን ዓረብኛ እንደ ውኃ ትጠጣለች። ሆኖም ስልኩን ይዛ ቆየች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ቋንቋ «እሺ» እና «ወዲያው» ስትል ነው የኖረችው፤ ጠይቃበት አታውቅም።

ደወለች። ሴት ናት ያነሣችው። የጎረቤቴ ድምፅ ወዲያው ቀጠነ፣ አንገቷም ጎበጠ፤ ቁጣ የምትጠብቅ ትመስላለች። ሴትዮዋ ስታጠያይቅ እሷ ስትመልስ ትንሽ እንደቆዩ ቃሉ ባይገባኝም ነገሩ ሲለወጥ አየሁት። ጎረቤቴ ቀና አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ካርዱን አየር ላይ እያወዛወዘች የራሷን ጥያቄ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጥግ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል ትላለች» አለችኝ።

ኮራ ብዬ አነበብሁላት። ወደ ዓረብኛ መለሰችው። ሴትዮዋ እንደገና ጠየቀች፤ እንደገና አነበብሁ፤ የዚህን ጊዜ ድምፄ ትንሽ አነሰ። ሴትዮዋ ረጋ ብላ ረጅም ነገር ተናገረች። ጎረቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«ላፕቶፑ ስምንት ዓመት ያህል ወደኋላ ቀርቷል ነው የምትለው» አለች። «በእሱ ቀን ከሆነ ይኼ ፈቃድ ገና አልተሰጠም። ኮምፒውተሩ ካርዱ ከመታተሙ በፊት ሆኖ እየደወለ ሰርቨሩ እንዴት ይመነው ትላለች።»

ፊቴ ጋለ። ነፋሱን ሳይቀር ወቅሻለሁ እኮ። እሷ ግን ጥግ ላይ ያለውን ቀን ጎንበስ ብላ ተመለከተችው።

«ስምንት ዓመት» አለች። «ያኔ እኔም አልሄድሁም ነበር።»

ከዚያ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ሳቋ መጣ፤ ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮም ሰምታ ከዚያ ማዶ ሳቀች። ጎረቤቴ «ማሻአላህ ያልሁት እኔ አይደለሁ፣ ግማሹ የእኔ ነው» ብላ ጥፋቱን ተካፈለችኝ። ያጠፋሁትን ምርጫ መልሼ አበራሁት። ቀኑ ስምንቱን ዓመት በአንድ ዝላይ ዘሎ ቦታው ገባ። ቁጥሩን ተጫንሁ፤ አረንጓዴ ምልክት ወጣ፤ ሶፍትዌሩም ስለመረጣችሁን እናመሰግናለን አለን።

መኪናው ሲነሣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጨርቁን ወጥሮ የያዘው ክፈፍ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መርፌው ይወርዳል፣ የወርቁ ክር መስመር እየያዘ ይሄዳል። ጎረቤቴ እጇን ጨርቁ ላይ ሳታሳርፍ፣ ሳታርቅም፣ ቆማ ጠበቀችው። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት፤ በሦስተኛው ውጥረቱን አላልታ አስተካከለችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጡ። ካባውን ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አዩት፣ ጥልፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የመስቀሉ ግራ ክንድ ከቀኙ በአንድ ክር ያህል አጥሯል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አይቼው እየቆጠቆጠኝ ዝም ብዬ ነበር። ከዚያ ለፋሲካ ሦስት ሌላ ካባ እንደሚያሠሩ ነገሯት፤ ክንዱ እኩል ከሆነላቸው።

«እስከ ፋሲካ ግን አለሽ ወይ ልጄ?» አሉ። «እናንተ ልጆች እንደገና ትሄዳላችሁ ሲባል እሰማለሁ።»

ጎረቤቴ የወርቁን ክር ጫፍ በጥርሷ በጥሳ፣ ወደ መርፌው ቀዳዳ እያነጣጠረች፣ ቀና ሳትል መለሰችላቸው።

«አለሁ አባ። ጨርቁን ይዘው ይምጡ።»