ክላክሱን የነፋው ማን ነው

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት መጽሐፏ ላይ የድሮ መኪኖች ሙዚየም ሥዕል አይታ «ካልወሰድሽኝ» ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። አዲስ አበባ እንሂድ ማለቷ ነው። እኔ ለአሮጌ መኪና ብዬ አዲስ አበባ ድረስ አልሄድም። «ሙዚየም ከሆነ የፈለግሽው ሐይቅ አለልሽ» አልኳትና እሁድ ጠዋት ከምንኖርበት ከውጫሌ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ሙዚየም ያልኩት ሐይቅ ከተማ መውጫ ላይ ያለ የአንድ ሽማግሌ ግቢ ነው። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሰው የጣለውን መኪና ሁሉ እየጎተቱ አምጥተው፣ ባለቤታቸው ጎመን ልትተክልበት ዓመት ሙሉ የምትጨቃጨቅበትን መሬት ሞልተውታል። ሦስት ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ጎማ የሌለው ላንድሮቨር፣ በሩ በገመድ የታሰረ ትንሽዬ ፊያት። የሰፈሩ ሰው «የብረት መቃብር» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው ምን ተዳቸው፤ የግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም «የድሮ መኪና ማሳያ» ብለው ጽፈዋል።

እውነቱን ለመናገር መኪና ለማሳየት ብቻ አልነበረም የሄድኩት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ጥያቄ ነበረኝ። የአሰብን መንገድ ከነዱት የሐይቅ ሾፌሮች ውስጥ በሕይወት የቀሩት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል።

አባቴም የአሰብ ሾፌር ነበር። ወደቡ ሳይዘጋብን በፊት ማለቴ ነው። ከበረሃው ሲመለስ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ተምርና በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት ይዞ ይመጣ ነበር። እሱ ሲገባ ነበር የእኛ ቤት እራት የሚቀርበው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ናፍጣ ሲሸተኝ ይርበኛል። ልጄ በዚህ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። የዚያን ጊዜውን ያህል የጣፈጠ እራት እኔ በልቼ አላውቅም።

ያኔ ቤታችን ስልክ የለም። ሾፌር ሁሉ ግን የራሱ የክላክስ አነፋፍ ነበረው፤ የአባቴ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር። ክላክሱ ተነፍቶ መኪናው በራችን ላይ ከቆመ አባቴ መጣ ማለት ነው። ተነፍቶ ሳይቆም ካለፈ ደግሞ ጓደኛው ነው፤ «ደህና ነው፣ ከኋላ እየመጣ ነው» ብሎ የላከው። እናቴ ይሄን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። ከደብዳቤ የበለጠ የሚታመን መልእክት ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩ ሳምንት፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው መግሪብ ሲቃረብ የአባቴ ክላክስ በራችን ላይ ተነፍቶ አለፈ። እናቴም በየማታው «አልሐምዱሊላህ» አለች። ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶ ነገሩን። መኪናው ሚሌ በረሃ ላይ ተገልብጦ አባቴ ሞቷል፤ የተቀበረውም እዚያው፣ ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ! ታዲያ አራት ቀን ሙሉ «ደህና ነው» እያለ በእናቴ ላይ የቀለደው ማን ነው? ባሏ አፈር ከለበሰ በኋላ አላህን ያስመሰገናት ማን ነው? እናቴን ስጠይቃት «ተይው፣ ልጄ» ትለኝ ነበር። ሳትነግረኝ ሞተች። እኔ ግን አልተውኩትም። ያንን ሰው ባገኘው ምን እንደምለው ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር የኖርኩት።

ሽማግሌው ልጄን አቅፈው መካከለኛዋ ኤንትሬ ጋቢና ውስጥ አስቀመጧትና አጠገቧ ተቀመጡ። መሪው ከእሷ ይተልቃል። ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን አሳዩዋት። «ወላሂ ይቺን መኪና እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት» አሏት። ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ነውና ግን «ወላሂ» ሲሉ ከእኛ ይብሳሉ። እኔ ደጅ ቆሜ ጥያቄዬን ከየት እንደምጀምረው አሰላስላለሁ። ልጄ ክላክሱን ደጋግማ ተጫነችው። ምንም ድምፅ የለም።

«ጋሼ» አለች ድንገት፣ «የአያቴን ክላክስ በውሸት የነፋውን ሰውዬ ያውቁታል? እማዬ ባገኘው አልምረውም ትላለች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉኝ።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። «እንዴት አስቻለዎት?» ብቻ አልኩ።

«ሰኞ አባትሽን ቀብረን ማክሰኞ ከሰዓት ለእናትሽ ልነግራት መጣሁ። አንቺ ውኃ ልትቀጂ ሄደሻል። ከመኪናዬ ብቻዬን ስወርድ አይታኝ አወቀች። ወላሂ አፌን አልከፈትኩም። ‹ኢና ሊላሂ› አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። ‹ልጄ ነገ ፈተና ትጀምራለች። እስክትጨርስ መርዶ አይድረሳት። በየማታው እለፍና የሱን ክላክስ ንፋልኝ። እንዳትወርድ፤ ፊትህን ካየች ታውቃለች› አለችኝ። ሽማግሌዎቹንም ቅዳሜ እንዲመጡ የነገረቻቸው እሷው ናት። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ከሐይቅ እወጣለሁ፣ በራችሁ ላይ ነፍቼ አዙሬ እመለሳለሁ።»

እናቴ ታውቅ ነበር። ያ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ለእኔ ጆሮ የተባለ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ።

«ፈተናው ዓርብ ቀትር ላይ አልቋል» አልኳቸው። «ዓርብ ማታ ለምን ነፉ?»

«እኔም ዓርብ ጠዋት፣ አንቺ ፈተና ላይ ሳለሽ፣ ይሄንኑ ብያት ነበር። ዛሬ ያልቃል፣ ከእንግዲህ ይነገራት አልኳት። ‹ዛሬን ብቻ ደስ ብሏት ትደር› አለችኝ። ‹ከነገ ጀምሮ ዕድሜ ልኳን ነው።›»

የዚያን ዓርብ ማታ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ክላክሱን ስሰማ «ፈተናዬ አለቀ፣ አባቴም ሊገባ ነው!» ብዬ ጮኼ፣ የእናቴን ሁለት እጆች ይዤ ቤቱ መሐል አዞርኳት። አብራኝ ዞረች። እየሳቀች ነበር የዞረችው።