ከጉልበት የማያልፍ ጎርፍ

አራት ሰዎች ነበርን። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ፣ ላንቴ በምትባለው ቀበሌ ካለው የሙዝ ማሳው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ቆሟል። ሚስቱ አስቴር ከቤታቸው ደጃፍ ናት። ለጎርፍ መከላከያው ካብ ልክ ሊሰጥ የመጣው ወጣት ባለሙያና እኔ ማንጎው ሥር ነበርን። ይህ የሆነው በዚህ ዓመት የካቲት ነው። አሁን መጋቢት ገብቷል፤ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤቴ ሆኜ በጨንቻ ተራሮች በኩል ደመና ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይታወሰኛል።

ባለሙያው ካቡ እስከ ጉልበት ከፍ ካለ ይበቃል አለ።

አስቴር ሳቀች። «እሱንማ ዶሮዎቼም ይዘሉታል!»

ደምሴ አልሳቀም። ጎርፉ በየዓመቱ ደረቱ ድረስ እንደሚመጣ፣ አምና የጓዳውን ግድግዳ ይዞበት እንደሄደ ከቆመበት ተናገረ። ሌላ መሬት የለውም።

ባለሙያው አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ የወንዙን ከፍታ የሚያሳይ መስመር አሳየኝ። ዝቅ ብሎ የተለጠጠ ጉብታ ነው። የብዙ ዓመት ልኬት ሳምንት በሳምንት ተደምሮና ተካፍሎ የወጣ አማካይ ነው አለኝ።

«ጎርፉ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«አይደለም እማማ። አንዱ ዓመት ሚያዝያ፣ አንዱ ግንቦት፣ ሌላው ጥቅምት ላይ ነው።»

ገባኝ። አንዱ ዓመት በሞላበት ሳምንት ሌሎቹ ጎድለዋል። ሲካፈል ጎርፉ ሁሉ ይጠፋል።

«ታዲያ ውሃው ከጉልበት ያላለፈበት ዓመት አለ?»

«የለም።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ወሩን ትቼ የየዓመቱን ጎርፍ ከፍተኛ ልክ ብቻ ወስጄ አማካዩን እንደገና ሠርቼው ነበር፤ ደረት ድረስ ነው የወጣው። ለአለቆቼም አሳየሁ። ሥራው በፊተኛው ስሌት ጸድቋል፣ ድንጋዩም በዚያው ልክ ተጭኖ መጥቷል አሉኝ።»

ደምሴ ወደ እኛ መጣ። የተባባልነውን አልሰማም። ከቤታችን አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚጠይቀው እኔን ነው።

«እትዬ፣ ይበቃል?»

«አይበቃም።»

«እንግዲህ ባለው እንጀምር» አለ። ወደ ድንጋዩ ክምር ሄዶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። አስቴር መጥታ በሌላው ጫፍ ያዘችለት።

ጥላዬን ዘረጋሁና ባጃጅ ወደሚገኝበት ወደ አስፋልቱ ሄድኩ።