ከመጨረሻው ቤት ሃያ እርምጃ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ቆርቆሮ መቀባት ነው። ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ከተከራየናት ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብለን፣ እኔ የቀለሙን ጣሳ ይዤ፣ ባለቤቴ ከሚነዳው የውኃ ቦቴ ኋላ በሚንጠለጠለው ቆርቆሮ ላይ በነጭ ቀለም «ውኃ አለ» ብሎ ጻፈ። በአማርኛ። «ኃ»ን አጣመማት።

«ሐርጌሳ ላይ ይህን ማን ሊያነብልህ ነው?» አልኩት።

«አንቺ አለሽ አይደል? ደግሞ በሶማሊኛ ብጽፈው የከተማው ሰው ሁሉ ይሰለፍብኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ውኃ በሚቀዱበት ቦታ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረ። እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሸኝምና መቃብሩን አላየሁም። ቦቴውን የተረከበው ጓደኛው ከቀብር ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነገረኝ።

«ከተማው የሚያልቅበት ነው፣ እህቴ። ከመጨረሻው ቤት ሃያ እርምጃ፣ ወደ ኮረብታው። ያንን ቆርቆሮ ከራስጌው ተክዬለታለሁ፤ አትስቺውም።»

የቦቴ ሾፌሮች ቦታ የሚያውቁት እንደዚህ ነው። የቤት ቁጥር አያውቁም፤ ከዛፉ ወዲያ፣ ከአረንጓዴው በር ወዲህ ይላሉ። እኔም እንዳለኝ አድርጌ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ዒዳ ተቀመጥኩ፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት አራት ወር ከዐሥር ቀን። የእሱ ስልክ እኔ ዘንድ ነበር። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ መጥራት ይጀምራል። ውኃ ፈልገው የሚደውሉት ድርቅ ከብታቸውን ጨርሶባቸው ከገጠር የገቡ ሰዎች ናቸው። «የት ናችሁ?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «መጨረሻው ቤት።» ሰኞ የደወለችው መጨረሻው ቤት ናት። ሐሙስ የደወለው ከእሷ ወዲያ ነው፤ እሱም መጨረሻው ቤት ነው። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ከተማው ሲሄድ በጆሮዬ እሰማው ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደወሉ። «ባልሽ ትናንት በደጄ አለፈ። እጄን ባወዛውዝለትም አልቆመም» አሉኝ። የነዳው ጓደኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መሞቱን መናገር አቃተኝ። «ይመጣል» አልኳቸው።

ዒዳዬ ባለቀ ማግስት ከጓደኛው ጋር ሄድኩ። መጨረሻው ቤት የቱ እንደሆነ የጠየቅነው ሰው ሁሉ ወደፊት ጠቆመን። ወደፊት ስንሄድ፣ እዚያ ያሉትም ወደፊት ጠቆሙን። ሜዳው በቆርቆሮ፣ በጨርቅና በእሾህ አጥር ተሞልቷል። በየአጥሩ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከልብሱ ኋላ ያለው አይታይም። ጓደኛው ወርዶ ዙሪያውን አየ።

«ወላሂ እዚህ ነበር» አለ። ትንሽ ራመድ ብሎ ደግሞ፣ «ወላሂ እዚህ ነበር» አለ።

አፈር የበላውን ባሌን ከተማ ደግሞ በላብኝ ብዬ ጋቢና ውስጥ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ስልኩ ጠራ። የማላውቃት ሴት ናት፤ ውኃ ትፈልጋለች። የት ነሽ አልኳት።

«ከኮረብታው ሥር። በርሜሌን አይታችሁ ትለዩታላችሁ፤ ክዳኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ! አረብኛ አይደለም፣ የኛም አይደለም። አንዱ ፊደል ሊወድቅ ነው የሚመስለው።»

ከጓደኛው ጋር ስደርስ ቆርቆሮውን ከበርሜሏ ላይ አነበብኩት። ሴትዮዋ ነገሩን ስነግራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ነፋስ አምጥቶ አጥሬ ላይ ሰክቶት አገኘሁት። የመቃብር መሆኑን ባውቅ እጄ ይቆረጥ!»

ከአጥሯ ጀርባ፣ በጎጆዎቹ መካከል፣ አምስት የድንጋይ ክምሮች አሉ። ምልክት የላቸውም። አምስቱም መቃብር ናቸው፤ ባለፈው በአጠገባቸው አልፈን አላየናቸውም። ወደ ጓደኛው ዞርኩ። ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው ተመላለሰ፤ ይህን ጊዜ «ወላሂ ይህ ነው» አላለም።

ሴትዮዋ ቆርቆሮውን ዘረጋችልኝ። መልሼ በርሜሉ ላይ ከደንኩት። «ተይው፣ ውኃሽ አቧራ ይገባበታል። አጥርሽን ብቻ አስፊልኝ» አልኳት። በዚያው ቀን እሾህ ጎትታ አምስቱንም ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

አሁን አርብ አርብ ጠዋት በቦቴው እሄዳለሁ። በርሜሏን እንሞላለን። ከዚያ አምስቱም መቃብሮች ላይ ውኃ አፈሳለሁ።