ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ድምፅ ማጉያ

የእህቴን ባል ምዕመኑ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ስሙን ግን ወዶታል፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ኋላ፣ ድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ ተቀምጦ አንገቱን ሲያቀና አውሮፕላን የሚያበር ይመስላል። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከፊት ወንበር መዳፉን ወደ ታች ባደረገ ቁጥር ድምፁን ይቀንሳል፤ ወደ ላይ ባደረገ ቁጥር ይጨምራል። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትናገርም። መዝሙር ስትሰማ ግን ትጮኻለች፣ ታጨበጭባለች፣ ደስታዋ ልክ የለውም። እነዚያ «እልል በሉ» ሲባሉ በስንት ልመና ከንፈራቸውን የሚያላቅቁ ሰዎች የእውነት እልልታ ሲሰሙ ደነገጡ። አንድ እሁድ ሽማግሌው ባልና ሚስቱን ጠርቶ፣ አነጋገሩን ማር አስመስሎ፣

«ለእሷው ምቾት ብለን ነው እኮ። የእናቶች ክፍል አለ፤ በመስታወቱ ሁሉን ታያላችሁ፤ ድምፁም በማጉያ ይገባል። የቀጥታ ስርጭቱም አይረበሽም» አላቸው።

የእናቶች ክፍል የሚሉት የተሰበረ ወንበር የሚከምሩበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነሱ አጥሩን ነቀነቁ፤ ባለቤቱ ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ አመሰገነ። ናቅሁት። አሁንም ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ስምንት ወር እህቴ ልጇን ይዛ እዚያ ተቀመጠች። ኢንጂነሩ አገልግሎቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ይጠብቃቸዋል እንጂ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር እህቴ ታማ ቤት ዋለች። እሱ መቆጣጠሪያውን አስተካክሎ፣ ልጅቷን ይዞ መስታወቱ ክፍል ገባ። እኔም ላየው ብዬ ተከተልኩት። መዘምራኑ ተነሡ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ጭጭ። ቀና ብሎ ማጉያውን አየ። ወንበር ላይ ወጥቶ ሽቦውን ሳብ ቢያደርገው ተበጥሷል፤ ሸረሪት አድርቶበታል። እዚያው ቆሞ ለሚስቱ ደወለ።

«ይሄ ማጉያ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሠራው?»

«ከገባን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እኔማ አንተ የዘጋኸው መስሎኝ። ሽማግሌው አዘውህ።»

ስልኩን ዘጋው። ከወንበሩ ሲወርድ ልጅቷ እጁን ይዛ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። መስታወቱ በከበሮው ምት ይንቀጠቀጣል። ስምንት ወር መዝሙር የሰማችው እንደዚያ ነበር። ኢንጂነሩ አለቀሰ። እኔ አላባበልኩትም፤ ይበልህ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ልጅቷን ይዞ ወደ አዳራሹ ወጣ። የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣትና አጠገቧ ቆመ። ቀጣዩ መዝሙር ሲጀመር ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው ከፊት ሆኖ መዳፉን ወደ ታች አደረገ።

ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ ታዘዘ፤ ቀነሰ። የቀነሰው ግን መዘምራኑን ነው። ያለ ማጉያ ለካ ድምፃቸው ትንፋሽ አይሞላም፤ አዳራሹን የያዘው የእሷ ጩኸት ነበር። ሽማግሌው እጁን ደጋግሞ አወረደ፤ እሱም ደጋግሞ ቀነሰ።