በስልክ የተቆረጠው ዱዓ

ሮቤ ላለችው እናቴ በየጁምዓው፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ቀጥሎ እደውላለሁ። የምኖረው አሶሳ ነው። ባለቤቴን ሥራው ወደዚህ አመጣው፤ እኔን ደግሞ እሱ። እዚህ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይጋላል፣ ሰው ጥላ ለጥላ ይሄዳል። ስልኩ ውስጥ ግን የባሌ ደጋ ንፋስ ይሰማኛል፤ እናቴ ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ቆማ ነው የምታናግረኝ።

ሰላምታችን በኦሮምኛ ነው፣ ወሬያችን በአማርኛ። ሰላምታው ተራ አለው። አካም ጅርታ፣ አዮ? እንዴት ነሽ እናቴ ማለት ነው። ጤናሽስ? ቤቱ ሰላም? ከብቱ ሰላም? ዝናቡስ? ለእያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ ይመለሳል። ከዚያ ተራው የእሷ ይሆንና ትጠይቀኛለች፤ እኔም አልሐምዱሊላህ እያልኩ እመልሳለሁ። ያደግኩበት ነገር ስለሆነ ጆሮዬን ባልሰጠው እንኳ አልሳሳትም። እሷም ጆሮዋን ሳትሰጥ እንደምትጨርሰው ግን አላሰብኩም ነበር።

ከእናቴ ጋር የምትኖረው የወንድሜ ሚስት አንድ ቀን ነግራኝ ነበር፤ የነገረችኝ ግን እንደ ልማዷ በቀልድ ነው። «እናትሽ እኔ ስጠራቸው አይሰሙም» አለችኝ። «የቅቤ ዋጋ ከሆነ ግን የጎሮን ገበያ እዚህ ሆነው ይሰማሉ።» ሳቅኩ። የአማትና የምራት ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ከሆስፒታል በተመለስኩ በመጀመሪያው ጁምዓ፣ ባለቤቴ እኔ ልንገራት ቢለኝም፣ ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ ደወልኩ። ሰላምታው በተራው ሄደ። ከዚያ «ያንቺስ ነገር? በሰላም ተገላገልሽ?» አለችኝ።

«አዮ» አልኳት፣ «ልጁ አልተረፈም።»

ንፋሱን እሰማለሁ። ከዚያ ጠንከር ባለ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ረቢ ያ…» አለችና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እኔ የቀረውን ሰማሁት። ረቢ ያጽናሽ። በድምፅዋ፣ በአነጋገሯ፣ ልክ አጠገቤ እንዳለች። ዛሬ ብትጠይቁኝ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መከራ ሲመጣ አላህን ማመስገን ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ነው፤ ሰው ሲያደርገው ግን በዚያ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ከፋኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ወየው ልጄ አትልም? አልኩ። ሲውል ሲያድር ግን ያ ድምፅ ደገፈኝ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ሲያቃጥለኝ፣ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ስሰማ፣ ሶላት ላይ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ደፍቼ መነሳት ሲያቅተኝ፣ እናቴ እንዲያ ካለች እኔም እላለሁ ብዬ ተነስቻለሁ። ለወንድሜም በስልክ «አዮ ሰምታለች፣ አመስግናለች» አልኩት። ወንድሜና ሚስቱም ቁስሏን አንነካም ብለው አላነሱባትም። እሷም በሚቀጥሉት ጁምዓዎች ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሶብሯ፣ ትዕግስቷ ነው አልን።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴን ላያት ሮቤ ሄድኩ። ከመናኸሪያው የያዝኩት ባጃጅ ከጋሪ ጋር እየተጋፋ በር ላይ አደረሰኝ። እናቴ ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቀፈችኝ፣ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ከዚያ እጇን በነጠላዬ ላይ አሳልፋ ጀርባዬን ዳበሰችው። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ አየች። ባጃጁ ዞሮ ሄደ።

«ብርዳችንን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። «ለአባቱ ትተሽው መጣሽ? ደግ አደረግሽ።»

የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች።

እናቴ እየተቻኮለች ገብታ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ትንሽ ባና ነው፤ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ግን ለሕፃን በሚሆን ልክ ያሠራችው። ገና የበግ ጠረኑ አልለቀቀውም። «ሲመጣ ይለብሰዋል ብዬ ነው» አለች። «በስልክ አልጠየቅኩሽም፤ ዓይኔ ሳያየው ስለ ሕፃን ማውራት አልወድም። ዓይን ክፉ ነው።»

ዝምታዋ ያ ነበር። እኛ ሶብር ያልነው የቡዳ ፍርሃት ነበር። ጣቶቼ ሱፉ ውስጥ ገብተው ቀሩ።

«አልነገርሻቸውም እንዴ?» አለች የወንድሜ ሚስት በሹክሹክታ።

«ነግሬያታለሁ። መልሳልኛለች።»

«እሳቸው ለሁሉም ይመልሳሉ!» አለች። «በቀኝ ጆሯቸው በኩል ሁኚ። ጮክ በዪ።»

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራ ሰው አይደለሁም። ቀረብ ብዬ «አዮ፣ ልጁ የለም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ «አዎ፣ አዎ፣ ከአባቱ ጋር ነው።» ደግሜ ከፍ አደረግኩ። «አልተረፈም!» ፈገግ አለችልኝ።

«በኦሮምኛ በያቸው፤ እሱ ይገባቸዋል» አለች ምራቷ።

ጮኽኩ። «ሙጫን ዱኤ!» ልጁ ሞተ ማለት ነው። እቃ እንደሚሸጥ ሰው ጮኼ ተናገርኩት። ከእናቴ በፊት ጎረቤት ሰማው። ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ የሆነ ነገር ከእጅ ሲወድቅ ተሰማ፣ ወዲያው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ኢና ሊላህ እያሉ አልፈውን ገብተው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

እናቴ አቀማመጣቸውን አየች። ብዙ ለቅሶ ደርሳለች፤ ሰው እንዲያ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ መስማት አያስፈልጋትም።

«ማነው የሞተው?» አለች።

እጇን ይዤ ሆዴ ላይ አደረግኩት። እዚያ ቆየ። ከዚያ ባናውን አየችው። ክንዷን ይዘን ሰሌኑ ላይ አስቀመጥናት።

ሴቶቹ ሲሄዱ ለብቻችን ቀረን። ፊቷን ወደ ፊቴ አቀረበች፣ ከንፈሬን ልታይ። «በስልክ ያልሽኝ ይህን ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔስ ምን አልኩ?»

ሳልናገር ብቀር ደስ ባለኝ። አጠገቧ ሆኜ በቀኝ ጆሮዋ «አልሐምዱሊላህ አልሽ» አልኳት። ይህን በአንዴ ሰማችው።

«ተገላገልኩ ያልሽኝ መስሎኝ ነው!» አለች። «ረቢ ያሳድገው ብዬ ነው የመረቅኩት! ለሞቱ አይደለም ልጄ፣ ለሞቱ አላልኩም!» አላህ እንዳይሰማባት እንደምትፈራ ሁሉ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ረቢ ያሳድገው። ያ የተቆረጠው ዱዓ ይህ ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ ተደግፌበት ቆሜያለሁ። እንዳልወድቅ የያዘኝን ነገር እሷ እያለቀሰች መልሳ ስትወስድብኝ፣ ምን ይዤ እንደምቀር አላወቅኩም። ግን ያንን ቃል እንደ በደል ተሸክማው እንድትኖር አልፈለግኩም።

«ጠቅሞኛል!» ብዬ ጮኽኩላት። «አዮ፣ ያልሽው ጠቅሞኛል!»

አየችኝ። ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። ሳትሰማ ስትቀርም የምትነቀንቀው እንዲሁ ነው።