መታጠፊያው ላይ ያልቆጠርኳቸው ሰውዬ

ትናንት ጠዋት አፍንጮ በር የሄድኩት ለአንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ፎቶዋን አንስቼ፣ ቢሮ ገብቼ፣ ሪፖርቱን አስረክቤ ልገላገል... ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ሥራዬ መኪና መቁጠር ነው። (አትሳቁ፣ ዲግሪ ተይዞበታል።) የሰሞኑ ጥናታችን ስለ ቆሻሻ መኪና ነው። እስከ ዛሬ የየሰፈሩ ቆሻሻ ወደተለያየ ቦታ ነበር የሚሄደው፤ አሁን ሁሉም ወደ አንድ መድፊያ ይሂድ ተብሏል። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ የመንደሩ ሁሉ ቆሻሻ መኪና ከአፍንጮ በር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በምትወርድ አንዲት ጠባብ መንገድ ሊያልፍ ነው። መንገዷ ትችለዋለች ወይስ አትችለውም? መልሱ የሚጠበቀው ከኔ ነው።

መንገዷ ላይ አንዲት ክፉ መታጠፊያ አለች። ትልቅ መኪና በአንዴ አይዞርባትም፤ ወደኋላ ብሎ እንደገና መግባት አለበት። አጠገቧ የትምህርት ቤት በር አለ። ባለፈው ወር እዚያ ቆሜ ሦስት ጠዋት ቆጠርኩ። የሚገርመው አንዱም መኪና አልተቸገረም። ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። «መታጠፊያው ችግር የለበትም» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሽማግሌ ግን ነበሩ። አሮጌ ኮት ለብሰው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በየጠዋቱ መታጠፊያው ላይ ይቆማሉ። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ ታክሲዎቹን ያስቆማሉ፣ ልጆቹን አጥር ሥር ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ሹፌሩን «ና! ና! ና! በቃ!» እያሉ ያዞሩታል። ማንም አልቀጠራቸውም።

በሦስተኛው ቀን ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ ምንድነው የምትጽፊው?»

«እዚህ የሚያልፈውን ሁሉ ነው ጋሼ።»

«እኔንስ ጻፍሽኝ?»

ቅጹን አየሁት። አውቶሞቢል፣ ሚኒባስ፣ ከባድ መኪና፣ እግረኛ... እግረኛ ናቸው እንዳልል አያልፉም፤ ቆመዋል። ፀሐዩም አናቴን በልቶኝ ነበር።

«ጽፌዎታለሁ ጋሼ» አልኩ።

መርቀውኝ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ከታክሲ ስወርድ የክላክሱ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። አንድ የቆሻሻ መኪና መታጠፊያው ላይ አግድም ተሰክቷል። ከፊቱ ታክሲ፣ ከኋላው ታክሲ። ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው በጎማውና በአጥሩ መሃል እየተሽሎከሎኩ ያልፋሉ። ሹፌሩ ወደኋላ ማለት ሲጀምር አንዲት እናት ጮኸች። ቆመ... ተመስገን፣ ቆመ።

ሽማግሌውን በዓይኔ ፈለግኳቸው። የሉም። ከአጥሩ ማዶ ባለው ግቢ ድንኳን ተተክሏል።

ለመጠየቅ ጠጋ ስል፣ በሩ ላይ የነበሩ ሴትዮ ለቅሶ ደራሽ መስያቸው ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ድንኳን በር ላይ ቆሞ የማን ለቅሶ ነው አይባል... ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ፎቶ የሳቸው ነው። ጋሽ ይልማ ይባሉ ነበር። ስማቸውን ያወቅኩት እዚያ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ አንድ ሳምንት ታመው ዐረፉ።

በኔ ዕድሜ የምትሆን ልጃቸው ስቆጥር የምለብሰው ቢጫ ሰደሪያ ከቦርሳዬ ብቅ ብሎ አይታ ቀና አለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ መንገድ ላይ ስትጽፊ የነበርሽው?»

«አዎ... እኔ ነኝ።»

«አባዬ እኮ ስላንቺ ሲያወራ ነው የሰነበተው። ታሞ እንኳ ካልወጣሁ እያለ አስቸገረን። ኋላ ላይ ‹ግድ የለም፣ ልጅቷ ጽፋኛለች፤ እኔ ብቀር ሰው ይመድቡበታል› አለ። እሱን ብሎ ነው የተኛልን።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔዋ ግን እያደር ከብዳ ጠበቀችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ዝም ብዬ አንገቴን ደፍቼ ብወጣ ማን ያውቅብኛል? የልጆቹ ቦርሳ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

«እህቴ... አልጻፍኳቸውም» አልኳት። «ውሸቴን ነው። ሪፖርቱ ግን ገና አልገባም።»

አተኩራ አየችኝ። የምታስወጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች። «ተነሽና ጻፊው!»

ተነሣሁ። ደጅ ወጥቼ አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ሪፖርቱ እንዳይገባ።»

«ሦስት ቀን ቆጥረሽ ችግር የለም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«መኪኖቹን ሲያዞሩ የነበሩት ሰውዬ ሞቱ።»

«በይ ነገ እንደገና ጀምሪ» አለ።

ዛሬ ጠዋት ጀመርኩ። ሁለት መኪና ቆጠርኩ። ሦስተኛው ወደኋላ ሲል ግን አልቻልኩም፤ ወረቀቱን ብብቴ ሥር ወሽቄ ልጆቹን አጥር ሥር ሰበሰብኩ። የሦስተኛው መኪና ረድፍ ባዶ ቀርቷል። በባዶው ላይ እንዲህ ብዬ ሞላሁበት፦ «ባለፈው ወር ይህ መታጠፊያ ችግር ያልነበረበት አቶ ይልማ ስለቆሙበት ነው።»

አሁን ጽፌዎታለሁ፣ ጋሼ።